ተጣለ ከተባለ በኋላ

እሷ ለጤና ጣቢያዎች የሚሆን የቆሻሻ አያያዝ መመሪያ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ የምትመልስ ተርጓሚ ናት። አጎቷ ዕድሜያቸውን በመንግሥት መሥሪያ ቤት ንብረት ክፍል ጨርሰው ጡረታ የወጡ ናቸው።

ተርጓሚዋ፦ ጋሼ፣ አንድ ቃል አላራምድ አለኝ። «ዲስፖዛል» ይላል፤ በየገጹ አለ። ባገኘሁት ቁጥር «ማስወገድ» እያልኩ መጣሁ። አሁን መልሼ ሳነበው ሰዋስዉ ደህና ነው፤ ግን የጤና ጣቢያዋ ጽዳት ሠራተኛ አንብባው ምን ልታደርግ እንደሆነ አይታየኝም።

ጡረተኛው፦ እኛም ዘንድ ቃሉ እሱው ነበር። «የማያገለግሉ ንብረቶች እንዲወገዱልን» ብለን ነበር የምንጽፈው። እስኪ መጀመሪያ ፈረንጆቹ ምን ማለታቸው እንደሆነ ንገሪኝ።

ተርጓሚዋ፦ ስንቱን ልንገርዎት! ሥሩ ላቲን ነው፤ ያኔ መደልደል፣ እያንዳንዱን ነገር በየቦታው ማኖር ማለት ነበር። ያ ትርጉም ዛሬም አልሞተም። አንድ እንግሊዛዊ «በእርስዎ ዲስፖዛል ነኝ» ቢልዎት «እንደ ወደዱ ይዘዙኝ» ማለቱ ነው እንጂ «ይጣሉኝ» ማለቱ አይደለም። ቤት መሸጥ ዲስፖዛል ነው፤ ቦምብ ማምከንም፤ ቆሻሻ መጣልም። መዝገበ ቃላቱን ቢገልጡ ማንሳት፣ መሸጥ፣ ማጥፋት፣ ማስተላለፍ ሁሉም አንድ ረድፍ ላይ ተሰልፈዋል። አሜሪካኖቹማ ጨርሰው ዕቃ አድርገውታል፤ ከሳህን ማጠቢያው ሥር የሚገጠመው የትርፍራፊ መፍጫ ስሙ ዲስፖዛል ነው።

ጡረተኛው፦ እሱንስ ዋሽንግተን አክስትሽ ቤት አይቼዋለሁ። የሽንኩርቱን ልጣጭ፣ የተረፈውን ወጥ ወደ ቀዳዳው ትገፋና ቁልፍ ትጫናለች፤ ጉርርር ይላል፤ አለቀ። የት ሄደ ብላት «ጠፋ» አለችኝ።

ተርጓሚዋ፦ መቼ ጠፋ! ተፈጭቶ ወደ ፍሳሽ መስመር ነው የሚወርደው። መሣሪያውን እ.ኤ.አ. በ1927 የሠራው ጆን ሃምስ የሚባል የዊስኮንሲን አርክቴክት ነው። ኒውዮርክ ከተማ ግን ያረጀ ቧንቧዬን ይዘጋብኛል ብላ ከልክላው፣ ክልከላው በአብዛኛው ከተማ የተነሣው እ.ኤ.አ. በ1997 ነው።

ጡረተኛው፦ አየሽ፣ ኒውዮርክ ገብቷታል። አክስትሽ ትርፍራፊውን ለከተማው ቧንቧ ሰጠችው እንጂ አልጣለችውም፤ ከተማው ደግሞ አልቀበልም ማለት ይችላል። ንብረት ክፍል ስሠራ አንድም ዕቃ ያለ ሞዴል 22 ከግምጃ ቤት አይወጣም ነበር፤ እዚያ ላይ ተረካቢው ካልፈረመ እኔ አላወጣሁም፣ እሱም አልወሰደም። ሲገባ ሞዴል 19፣ ሲወጣ ሞዴል 22። እኔ ከዚያ ሥራ የተማርኩት ይኸው ብቻ ነው ብትይ አልቀየምም። ያንቺ መመሪያ «ይወገዳል» ሲል ተረካቢው ማን ነው?

ተርጓሚዋ፦ እንግሊዝኛው አይናገርማ። «ቆሻሻው በአግባቡ ይወገዳል» ይላል፤ አድራጊ የለውም።

ጡረተኛው፦ በአማርኛም አድራጊ ማጥፋት ትችያለሽ፤ ቢሮ ከተባለ ጀምሮ የምናደርገው እሱን ነው። ቤት ውስጥ ግን እንዲህ አንናገርም። እናትሽ አተላ ትደፋለች፤ አተላ አይጣልም። ላም ያለው ጎረቤት ካለ ደግሞ አትደፋውም፣ ትሰጠዋለች። ጥራጊ ይጠረጋል፣ አመድ ይደፋል፣ የሞተ ውሻ ይቀበራል፣ ቦምብ ይመክናል፣ ያረጀ መኪና በጨረታ ይሸጣል። እያንዳንዱ ግሥ ነገሩ ወዴት እንደሚሄድ በውስጡ ይዟል። «ማስወገድ» ግን ከ«ወግድ» ነው የመጣው። ሰውን ወግድ ብትይው ከፊትሽ ዞር ይላል፤ ወዴት እንደሄደ አንቺን አይመለከትሽም።

ተርጓሚዋ፦ ጥሩ ይላሉ፤ ግን ሕጉም ቃሉን ይዞታል፣ መሥሪያ ቤት ራሱ ተሰይሞበት ነበር። «የመንግሥት ግዥና ንብረት ማስወገድ አገልግሎት» የሚል ሰሌዳ ተሰቅሎ በኖረበት አገር እኔ ብቻዬን «ዞር በል ማለት ነው» ብዬ ልከራከር? የሙያ ቃል አንድ ካልሆነ ሁለት ሰው ሁለት ነገር ያነብበታል።

ጡረተኛው፦ እዚያ መሥሪያ ቤትማ ማስወገድ ማለት ሐራጅና ጨረታ ነው። ሰውየው መኪና አሸንፎ ደስ ብሎት ይወጣል፤ ለመንግሥት የተወገደ ለእሱ ሀብት ነው። ቃሉ እዚያ ቤት ትርጉሙ ተቆርጦ ስለተቀመጠ አይጎዳም። ግን የመንግሥት ግቢ ገብተሽ ታውቂያለሽ? ከጀርባ በኩል ሂጂና እዪ። ጎማው ተንፍሶ፣ ሞተሩ ውስጥ ሣር በቅሎበት የቆመ ላንድሮቨር አታጪም። አጠገቡ እግሩ የተሰበረ ወንበር እስከ ጣሪያው ተቆልሏል። ለምን ይመስልሻል?

ተርጓሚዋ፦ ገዢ ጠፍቶ?

ጡረተኛው፦ ገዢማ በር ላይ ተሰልፏል። ፈራሚ ጠፍቶ ነው። ኮሚቴ ይቋቋማል፤ ዋጋ ይገመታል። ዝቅ አድርገሽ ከገመትሽ «ከነጋዴው ጋር ተመሳጥረሽ» ትባያለሽ፤ ከፍ ካደረግሽ የሚገዛ አይመጣም። ስለዚህ ሁሉም «ነገ ያስጠይቀኛል» ብሎ ብዕሩን ይከድናል። ዕቃው ቆሞ ይበሰብሳል፤ ዋጋው ዜሮ ሲደርስ ያኔ ማንም አይጠይቅም። እኔ በሠራሁበት ቤት አንድ ጄኔሬተር እንዲህ ሲሆን ዓይኔ እያየ ነው። ይኼም ማስወገድ ነው እንግዲህ፤ ለዝናብ ማስረከብ።

ተርጓሚዋ፦ መንደሩ ግን ከመንግሥት ይሻላል። ቆራሌው ኮሚቴ አያቋቁምም።

ጡረተኛው፦ ቆራሌው ሞዴል 22 የማያስፈልገው ብቸኛ ተረካቢ ነው! ጠዋት በሩ ላይ ይጣራል፤ ቆርቆሮ፣ ጠርሙስ፣ ያረጀ ጀሪካን ታወጪለታለሽ፤ ተከራክሮ ገንዘቡን በእጅሽ ያስቀምጣል። ከእሱ ቀጥሎ «ልዋጭ» ባዩ ይመጣል፤ ለልብስሽና ለጫማሽ ጆግ ወይም ባልዲ ይሰጥሻል። ሁሉም ተጠራቅሞ መርካቶ ምናለሽ ተራ ይገባል። እዚያ በርሜሉ ተቀድዶ የከሰል ምድጃ ይሆናል። ጎማው በረባሶ ሆኖ ስንቱን ገበሬና ስንቱን ወታደር አስኬዷል። የወተት ጣሳው ክር ገብቶለት ኩራዝ ሆኖ ነበር፤ መብራት ከመምጣቱ በፊት ስንቱ ተማሪ ያጠናው በእሱ ነው። የተራው ስም ራሱ ጥያቄ ነው፤ ምን አለሽ? ዕቃ የያዘ ሰው ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠየቀው እሱ ነው።

ተርጓሚዋ፦ ሃይላንዱንም አይርሱት። ፋብሪካው የማንም ይሁን የላስቲክ የውኃ ጠርሙስ ሁሉ ሃይላንድ ነው፤ ውኃው ካለቀ በኋላ ነው ዕድሜው የሚጀምረው። ዘይት ይቀዳበታል፣ ጋዝ ይሸጥበታል፣ ገጠር ሲሄዱ ልጆች ከመኪናው ኋላ «ሃይላንድ! ሃይላንድ!» እያሉ ይሮጣሉ። ግን ጋሼ፣ ይኼን ሲያወሩ ትንሽ እያሳመሩት ነው።

ጡረተኛው፦ ምኑን አሳመርኩት?

ተርጓሚዋ፦ የመኪና ባትሪ ሲሰብር ያየሁት ልጅ ጓንት አልነበረውም። አሲዱ መሬት ላይ ፈሰሰ፤ እርሳሱን በእጁ ለቅሞ ጆንያ ውስጥ ከተተ። ሽቦ አቃጥለው መዳቡን ሲያወጡ የላስቲኩ ጭስ የሚገባው በማን ሳንባ ነው? የእጅ ስልክና ቴሌቪዥን ሲመጣማ ውስጡ ያለውን መርዝ ምናለሽ ተራ በመዶሻ አይችለውም። ተረካቢ መኖሩ ብቻ ከበቃዎት፣ ተረካቢው ድሃ እስከሆነ ድረስ ማንኛውም ነገር «በአግባቡ ተወግዷል» ማለት ነው። የአዲስ አበባው ቆሻሻ መጣያ፣ ቆሼም እኮ ተረካቢ ነበረው።

ጡረተኛው፦ ቆሼን ካነሳሽ...

ተርጓሚዋ፦ ማንሳትማ አለብኝ። ረጲ ላይ የተከፈተው በ1950ዎቹ ነው፤ ያኔ ከከተማው ውጭ ነበር። ከተማው ግን አልቆመም፤ ሄዶ ሄዶ ከበበው፣ ቀለበት መንገዱም በአጠገቡ አለፈ። ወደ 37 ሄክታር መሬት ላይ የግማሽ ምዕተ ዓመት ቆሻሻ ተቆለለ። ከታች አፈር እንዳይበክል የተነጠፈ የለ፣ ጋዙ የሚወጣበት ቧንቧ የለ፣ ቆሻሻውን በየዕለቱ አፈር የሚያለብስ የለ። ለቃሚዎቹ በመቶ የሚቆጠሩ ነበሩ፤ መኪናው ሲገለብጥ ይሽቀዳደማሉ፣ ብረት የሚለቅመው ብረት፣ ላስቲክ የሚለቅመው ላስቲክ። ዳገቱ ሥር ደግሞ ቤት ሠርተው የሚኖሩ ነበሩ፤ ጭቃ ቤትም፣ ላስቲክ ቤትም።

ጡረተኛው፦ ወደ ሰንዳፋ ተዛውሮ አልነበር?

ተርጓሚዋ፦ በ2008። በፈረንሳይ ገንዘብ ድጋፍ አዲስ ማስወገጃ ተሠርቶ መኪኖቹ ወደዚያ ዞሩ። የአካባቢው ገበሬዎች ግን መሬታችንና ውኃችን ተበላሸብን ብለው ተቃወሙ፤ ዓመት ሳይሞላው ተዘጋ፣ ቆሻሻው ወደ ቆሼ ተመለሰ። መጋቢት 2 ቀን 2009፣ ቅዳሜ ምሽት፣ ከተራራው አንዱ ወገን ተንዶ ቤቶቹ ላይ ወረደ። ከ110 ሰው በላይ ሞተ፤ ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት። ቆፋሪው ለቀናት አስከሬን ያወጣ ነበር፤ የሦስት ቀን ብሔራዊ ሐዘን ታወጀ። አሁን ይንገሩኝ፣ ያ ቆሻሻ በሞዴል 22 ተረካቢው ማን ነበር?

ጡረተኛው፦ ማንም አልፈረመማ፤ የምልሽም እሱን ነው። ሰንዳፋዎቹ ቢጠየቁ ኖሮ እንቢ ማለታቸው ቀድሞ ይታወቅ ነበር። ቆሼ ሥር ያሉትን ደግሞ ስማቸውን የያዘ መዝገብ አልነበረም፤ ስንት እንደሆኑ እንኳ የታወቀው ከሞቱ በኋላ ነው። እኔ «ተረካቢ አለው» ስል ሰው በግድ ይጫንበት ማለቴ አይደለም። ተረካቢ ማለት ምን እንደሚረከብ ዓይቶ፣ ቆጥሮ፣ ይጎዳኛል ያለውን «አልረከብም» ማለት የሚችል ነው። ግምጃ ቤት ውስጥ የተሰበረ ዕቃ «ደህና ነው» ብሎ የሚያስፈርምሽ ሰው አጋጥሞኛል፤ እሱ ማስረከብ አይደለም፣ ማሸከም ነው።

ተርጓሚዋ፦ እሺ፣ ያ ልዩነት ያስኬዳል። ከአደጋው በኋላም ተራራውን የሚያሳንስ መላ ተሞከረ። እዚያው ረጲ ላይ የቆሻሻ ኃይል ማመንጫው በነሐሴ 2010 ተመረቀ፤ በቀን 1,400 ቶን ያቃጥላል ተብሎ ነው የተነደፈው። ሲወራ «ቆሻሻ ጠፋ፣ መብራት ሆነ» ነበር የሚባለው።

ጡረተኛው፦ የአክስትሽ ማጠቢያ!

ተርጓሚዋ፦ ልክ ነዎት፤ ትልቁ የአክስቴ ማጠቢያ። ነገር ግን የአዲስ አበባ ቆሻሻ ከግማሽ በላዩ የወጥ ቤት ነው፤ የጎመን ግንድ፣ የድንች ልጣጭ፣ ቡና አተላ። እርጥብ ነው። እርጥብ ማቃጠል ማለት እሳቱ መጀመሪያ ውኃ ሲያፈላ ይውላል ማለት ነው፤ አውሮፓ ውስጥ የሚያነዱት ወረቀትና ላስቲክ የበዛበት ደረቁን ነው። ነድዶም ቢሆን አመዱ ይቀራል፤ በክብደት ከአምስት አንድ እጅ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ። አመዱም ማረፊያ ይፈልጋል። እኔን የሚገርመኝ፣ ያ ሁሉ የጎመን ግንድ ብስባሽ ሆኖ ለየካ ወይም ለአቃቂ የጓሮ አትክልት መዋል ሲችል ማቃጠሉ ነው።

ጡረተኛው፦ ላም ያለው ጎረቤት ጠፍቶ ነዋ። ከተማው አተላውን የሚሰጠው ሰው የለውም።

ተርጓሚዋ፦ ፌስታሉስ? ለእሱ ላምም አትሆነውም፤ ብትበላው ትሞታለች። በ1999 የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አዋጅ ቁጥር 513 ውፍረቱ ከ0.03 ሚሊሜትር የማይበልጠውን ስስ ፌስታል ከልክሎ ነበር። ሱቅ ውስጥ ማን ለካው? በ2017 ምክር ቤቱ ሌላ አዋጅ አጽድቆ አንድ ጊዜ ተጠቅመው የሚጥሉትን ፌስታል ከልክሎታል።

ጡረተኛው፦ ዘንቢል ይመለሳል በይኛ። እናቴ ዘንቢሏን ሳትይዝ ገበያ አትወጣም ነበር፤ የሚጣል ነገር ራሱ ቤት አይገባም። የማይገባ ዕቃ ሞዴል 19 አይቆረጥለትም፣ ሲወጣም አያደክምሽም። እኔ እንዲያውም የሚያስፈራኝ ሌላ ነው። ፀረ ተባዩን ታስታውሻለሽ?

ተርጓሚዋ፦ የትኛውን?

ጡረተኛው፦ አንቺ ሕፃን ነበርሽ። ለአንበጣ፣ ለተምች፣ ለወባ እየተባለ ለዓመታት ከውጭ ሲገባ የኖረ መድኃኒት ነበር፤ ገሚሱ ተገዝቶ፣ ገሚሱ በዕርዳታ። ያልተረጨው በየግምጃ ቤቱ ተቀመጠ፤ ጊዜው አለፈበት፣ በርሜሉ ዛገ፣ ማፍሰስ ጀመረ። የአንዱ ግምጃ ቤት ጠባቂ ጓደኛዬ ነበር፤ በሩን ሲከፍት ዓይኑ ያለቅሳል ብሎ ነግሮኛል። እንግዲህ ንገሪኝ፣ ለቆራሌው ትሰጪዋለሽ? ትቀብሪዋለሽ? ወንዝ ትደፊዋለሽ? ብታቃጥይው ጭሱ ሰው ይገድላል። በሀገሩ ውስጥ አንድም ተረካቢ አልነበረውም።

ተርጓሚዋ፦ አዎ፣ ይኼን አንብቤዋለሁ። በተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት በኩል እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ ነው የወጣው፤ ወደ 1,500 ቶን የሚጠጋ። በአዲስ በርሜል እየታሸገ በመርከብ ወደ ፊንላንድ ሄዶ በከፍተኛ ሙቀት ማቃጠያ ተቃጠለ። እዚህ ሊያቃጥለው የሚችል ምድጃ ስለሌለ።

ጡረተኛው፦ ሀገር አቋርጦ፣ ባሕር አቋርጦ! ለእሱ ጭነት እያንዳንዱ ወደብ ወረቀት ጠይቋል፤ የሚረከበውም ሀገር ፈርሞ ነው። እንዲህ ነው ማስወገድ ማለት፤ ሲገዛ ግን ስለዚህ ወጪ ያሰበ አልነበረም።

ተርጓሚዋ፦ እንግዲህ ወደ መመሪያዬ ልመለስ፤ ሰኞ ማስረከብ አለብኝ። ያስቸገሩኝ ሁለት ቦታዎች ናቸው፤ አንደኛው እንግዴ ልጅ ነው። እንግሊዝኛው «የእንግዴ ልጅ ዲስፖዛል» ይላል።

ጡረተኛው፦ ይቀበራል በያ!

ተርጓሚዋ፦ ነው የምለው። ጤና ጣቢያዎቹም የእንግዴ ልጅ ጉድጓድ አላቸው። «ይወገዳል» ብዬ ብጽፍ ግን የወለደችው እናት ምን ትሰማለች? ልጇን ስታምጥ የወጣ አካሏ ነው፤ ቤቷ ብትወልድ ደጇ ላይ ይቀበር ነበር። አንዳንዷ ስጡኝና ልውሰደው ትላለች። ስለዚህ እዚህ ላይ «መቅበር» ብያለሁ፤ ቁርጥ አድርጌ።

ጡረተኛው፦ ሁለተኛውስ?

ተርጓሚዋ፦ መርፌ። «ስለታም ነገሮች በአግባቡ ይወገዳሉ» ነበር። አሁን እንዲህ ለወጥኩት፤ ይስሙኝ። «መርፌውን የወጋው ባለሙያ ክዳኑን ሳይመልስ ወዲያውኑ ራሱ ሴፍቲ ቦክስ ውስጥ ይከተዋል። ሳጥኑ ሦስት አራተኛ ሲሞላ ይዘጋል፤ ከዚያ በኋላ አይከፈትም። የተዘጋውን ሳጥን ጽዳት ሠራተኛዋ ወፍራም ጓንትና ቡት አድርጋ ወደ ማቃጠያው ትወስዳለች፤ ለማቃጠያ ሠራተኛው ታስረክባለች።»

ጡረተኛው፦ ይፈርማል?

ተርጓሚዋ፦ «መዝገብ ላይ ይፈርማል» ልጨምር?

ጡረተኛው፦ ጨምሪ። አመዱንስ? መርፌ ነድዶ አያልቅም፤ ብረቱ ይቀራል።

ተርጓሚዋ፦ «አመዱ ሲበርድ አጥርና ክዳን ባለው አመድ ጉድጓድ ውስጥ ይገባል።» ጨርሻለሁ። ግን ይመልከቱት፣ አንድ መስመር የነበረው ስድስት መስመር ሆነ። አርታኢው «ከዋናው አስፋፍተሻል» ማለቱ አይቀርም። በእሱም አልፈርድም፤ መቶ ገጽ ሰነድ እንዲህ ከተጻፈ ማን ያነብበዋል?

ጡረተኛው፦ ሁሉንም አታስፋፊው። እጅ የሚነካውን ቦታ ብቻ። በመግቢያው ላይ «ማስወገድ» እንዳለ ይቅር፤ እዚያ ማንም አይወጋም።

ተርጓሚዋ፦ ይኼ ያግባባናል። በመግቢያውና በርዕሶቹ «ማስወገድ»፤ ሥራው ላይ ሲደርስ ግሡ በስሙ ይጠራል።

ጡረተኛው፦ ለመሆኑ የሚከፍሉሽ በገጽ ነው? ስድስት መስመር ከሆነ ያንቺም ኪስ ይጠቀማላ።

ተርጓሚዋ፦ የት ኖሮ! የሚቆጥሩት የእንግሊዝኛውን ቃል ነው። «ዲስፖዛል» አንድ ቃል ነው ጋሼ።